«ከሞፈር ላድንሽ ነው ያስተማርኩሽ»፦ ዕፅዋት ሳይንስ ለደረሳት ተማሪ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ጨርሻለሁ። የትምህርት ክፍል ምደባ ሲወጣ ዕፅዋት ሳይንስ ደረሰኝ፤ ሦስተኛ ምርጫዬ ነበር። ቤተሰቦቼ ሞረትና ጅሩ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። ለአባቴ ስነግራቸው ‹እኔ ከሞፈር ላድንሽ ነው ያስተማርኩሽ፤ አንቺ ዞረሽ ወደ ሞፈር?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምን እንደምማር፣ ሥራ ይገኝበት እንደሆነ፣ ትቼ እንደገና ልፈተን ወይስ ልቀጥል እንደሚሻለኝ ቢነግሩኝ።»

ምላሽ፦

ልጄ፣ የአባትሽን ንግግር እንዲሁ ላልፈው አልቻልኩም፤ ከእርሱ ልጀምር። ልጁን ከሞፈር ለማዳን የሚደክም አባት ስለ ሞፈር ከማንም በላይ ያውቃል። ሐምሌ ላይ ጉልበት በሚውጥ ጭቃ ውስጥ በሬ መንዳት፣ ለማዳበሪያ መበደር፣ ኅዳር ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ታጭዶ በተከመረ እህል ላይ ሲወርድ ቆሞ ማየት ምን እንደሆነ ኖረውበታል። በዚህ አባትሽ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የተመደብሽበት ትምህርት ሞፈር መጨበጥ የሚያስተምር ትምህርት አይደለም። አባትሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው ሲሠሩት የኖሩትን ነገር «ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ነው። በዚህ ሙያ መጀመሪያ በተማሪነት፣ ከዚያ በምርምር ማሳ፣ በኋላም በመምህርነት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የምነግርሽ ያየሁትን ነው።

ከሰፈርሽ ልነሳ። የሞረትና ጅሩ ሜዳ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ሲገባ ያብጥና ውኃ አላሳልፍ ይላል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በብዙ የደጋ መረሬ አካባቢ ገበሬው ክረምቱን በሙሉ መሬቱን ሳይዘራ ይጠብቅና ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አፈሩ በያዘው ርጥበት ይዘራ ነበር። የዓመቱ ትልቁ ዝናብ ያለ ሥራ ያልፋል ማለት ነው። በወረዳሽ ከተማ በእነዋሪ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ግን ለዚህ መላ ነበራቸው። ማሳውን በመደብና በቦይ ይከፍሉታል፤ ሴቶችና ልጆች አጎንብሰው አፈሩን ከቦዩ በእጃቸው እያፈሱ ወደ መደቡ ይቆልላሉ፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ እህሉ ከፍ ብሎ ይበቅላል። አያትሽ ወይም እናትሽ ይህን ሠርተው ይሆናል፤ ጠይቂያቸው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ስለ መረሬ አፈር አንድ የጋራ የምርምር ፕሮጀክት ተቋቁሞ ነበር። ያኔ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ሚኒስቴርና አንቺ የምትማሪበት ዩኒቨርሲቲ (ያኔ ዓለማያ ይባል ነበር) በውስጡ ነበሩበት። ተመራማሪዎቹ የእነዋሪን መደብና ቦይ አዩ። ዘዴው ትክክል ነው፤ ችግሩ ለአንድ ሔክታር የሚጠይቀው የሰው ጉልበት ነው። ስለዚህ ሁለት የተለመዱ ማረሻዎችን አጣምረው በጥንድ በሬ የሚጎተት፣ መደቡንና ቦዩን አብሮ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ዛሬ በአካባቢሽ «ቢቢኤም» የሚባለው እርሱ ነው። ወገብ የሚሰብረው ሥራ ከሴቶችና ከልጆች ወደ በሬ ተሻገረ፤ ስንዴ በጊዜ መዘራት ቻለ።

ይህን ያነሳሁት አባትሽ «ወደ ሞፈር ተመለሽ» ላሉት ከዚህ የተሻለ መልስ ስለማላውቅ ነው። ያንን ሞፈር የለወጠው ሰው ሞፈሩን የሸሸ ሰው አልነበረም። አጠገቡ ቆሞ ውኃው ለምን እንደሚያቁር የለካ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። በሁለተኛው ዓመት ስለ ዕፅዋት አሠራር፣ ስለ አፈር፣ ስለ አየር ንብረትና ስለ ስታቲስቲክስ መሠረቱን ትይዣለሽ። በሦስተኛው ዓመት ነገሩ ይሰፋል፦ የብርዕና የአገዳ ሰብሎች፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ፣ ቡና፣ የዕፅዋት በሽታ፣ ነፍሳት ተባይ፣ አረም፣ ዘረመልና ዝርያ ማሻሻል፣ የዘር ብዜት፣ መስኖ፣ የድኅረ ምርት አያያዝ። በአራተኛው ዓመት የተግባር ልምምድና የመመረቂያ ጥናት አለ። የኮርሶቹን ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ታገኚዋለሽ፤ እኔ በእርሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ዝርዝሩ የማይነግርሽን ልንገርሽ።

ገና እንደተመረቅሁ በአንድ ወረዳ በሰብል ባለሙያነት ተመደብሁ። ትምህርቴን በጥሩ ውጤት ስለጨረስሁ በራሴ እተማመን ነበር። አንድ ጠፍጣፋ መረሬ ማሳ ላይ ስንዴ በሐምሌ መጀመሪያ በመስመር እንዲዘራ፣ ማዳበሪያም ሙሉ መጠኑ እንዲጨመር መከርሁ። የማሳው ባለቤት አረጋዊ ነበሩ። «ልጄ፣ ይህ መሬት ይተኛበታል» አሉኝ፤ ውኃ ይተኛበታል ማለታቸው ነው። በወረቀት የያዝሁት ምክር ግን ስለ መተኛት አንድ ቃል አልነበረውም፤ ስለዚህ አልሰማኋቸውም። በነሐሴ ስንዴው ቢጫ ሆነ። ማዳበሪያ ያነሰው መስሎኝ ዩሪያ እንዲጨመርበት አደረግሁ። ቢጫነቱ ባሰ። እኒያ ሰው በዚያ ዓመት ያገኙት ምርት የማዳበሪያውን ብድር እንኳ አልሸፈነም።

ምን እንደሆነ አሁን በሁለት ደቂቃ ላስረዳሽ እችላለሁ። ሥር ይተነፍሳል፤ የአፈሩን ቀዳዳ ውኃ ሲሞላው አየር ያጣል፣ የታፈነ ሥር ደግሞ ምግብ አይስብም። ከዚህ የከፋው በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው። አየር ሲያጡ ኦክስጅኑን ከማዳበሪያው ናይትሬት ነጥቀው ይወስዳሉ፤ የቀረው ናይትሮጂን ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የጨመርሁት ዩሪያ፣ በብድር የተገዛው፣ አብዛኛው አየር ሆኗል። በፈተና ላይ ይህንን ሂደት በትክክል ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበት ነበር። እኒያ አረጋዊ «ይተኛበታል» ሲሉ ግን የሚናገሩት ያንኑ ነገር መሆኑን አላወቅሁም። ሁለቱ ቃላት በአእምሮዬ ውስጥ አልተገናኙም ነበር። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ነገር ነው፤ ያጠፋሁት የሰው እንጀራ ነውና።

አንቺ ግን ሁለቱንም ቃል ይዘሽ ነው የምትገቢው። ከከተማ የመጣ ጓደኛሽ «መረሬ» የሚለውን ከመጽሐፍ ያጠናዋል፤ አንቺ እግርሽ ያውቀዋል። ይህ በምደባ የማይገኝ ዕድል ነው። ብዙ የገበሬ ልጆች ግን ግቢ ሲገቡ የቤታቸውን ዕውቀት እንደ ኋላ ቀርነት ይደብቁታል፤ ከአስተማሪ የሰሙትን ብቻ ይጽፋሉ። አንቺ እንዲህ አታድርጊ።

ተማሪዎች ስለሚፈሩት ስለ ስታቲስቲክስ አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ሁለት የስንዴ ዝርያዎችን ለማወዳደር አንዱን ከማሳው ራስጌ፣ ሌላውን ከግርጌ ዘራሽ እንበል። የግርጌው ብዙ ሰጠ። ዝርያው በለጠ ትያለሽ? አባትሽ ቢያዩሽ ወዲያው «ግርጌው እኮ ደለል ነው» ይሉሻል። ያ ንግግር ነው የሙከራ አቀማመጥ የሚባለው ትምህርት መነሻው። መሬቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ተዳፋቱን በብሎክ ትከፍዪዋለሽ፤ በእያንዳንዱ ብሎክ ውስጥ ሁሉም ዝርያዎች በዕጣ ቦታቸውን ያገኛሉ፤ ይህም ሦስትና አራት ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ የደለሉን ውለታ ከዝርያው ውለታ ለመለየት ነው። ከዚህ ጀምረሽ ካየሽው አያስፈራም። ቀመሩን ከሸመደድሽው ግን እንደ ብዙዎቹ ፈተናው ባለፈ ማግስት ይጠፋሻል።

ዝርያ ማሻሻልን ደግሞ በጤፍ ተረጂው። የጤፍ ፍሬ እንዴት ደቃቅ እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ በአንድ ግራም ውስጥ ከ2,500 እስከ 3,000 ያህል ፍሬ ይገባል። አበባዋም በዚያው ልክ ደቃቅ ናት፤ በራሷ ብናኝ የምትራባ ናት። ለረጅም ጊዜ ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ተመራማሪዎችም ከገበሬው ዘር መካከል የተሻለውን ከመምረጥ ያለፈ ነገር ማድረግ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጤፍ አበባ ጎህ ሲቀድ ለጥቂት ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት፤ ማዳቀልም ተቻለ። እስቲ አስቢው፤ በዚህ አገር ጤፍ ለሺህ ዓመታት ተዘርቷል፣ አበባዋም በየማለዳው ትከፈት ነበር። ያንን ለማየት አንድ ሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ፣ ማጉያ መነጽር ይዞ ማሳ ውስጥ መገኘት ነበረበት።

ከዚያ የተገኘው ውጤት በገበያ ላይ ያለ ነው። ዱከም የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርቱ ብዙ ነበር፤ ንጣቱ ግን ገበያ የሚፈልገውን ያህል አልነበረም። ማኛ ደግሞ ንጹሕ ነጭ ነው፤ ምርቱ ያንሳል። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች ሁለቱን አዳቅለው፣ ትውልድ ከትውልድ እየመረጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮን አወጡ። ቁንጮ በገበሬው ዘንድ የተወደደው ከምርቱ ብዛት ጋር ንጣቱን ስለያዘ ነው። ተመራማሪው ኩንታል ብቻ ቢቆጥር ኖሮ ዱከም ይበቃው ነበር። እንጀራ የምትጋግረዋን ሴትና የእህል በረንዳውን ነጋዴ ማድመጥ ነበረበት። እናትሽ ጤፍ ስትገዛ ወይም ስትመርጥ ምን እንደምታይ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ይህም የትምህርትሽ አካል ነው።

«ሁሉም ነገር ተጠንቶ አልቋል፤ ለእኔ ምን ቀረኝ?» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ የስንዴን ታሪክ አስታውሺ። ኩብሳ የሚባለው ስንዴ በአገሪቱ በሰፊው ይዘራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የሚባለው የፈንገስ በሽታ በወረርሽኝ መታው። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ዲገሉን ራሱን አጠቃው። ዋግ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይለወጣል። አንድ ዝርያ ሰፊ መሬት በሸፈነ ቁጥር ዋጉ ያንን አንድ በር ብቻ ሰብሮ ሁሉንም ቤት ይዘርፋል። ስለዚህ ይህ ሥራ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ድርሻ ይሠራል። በእኛ ዘመን ያልነበረው መጤ ተምች እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው ወደ አገራችን የገባው። ከዚያ በፊት የተመረቅን ሁሉ ስለ እርሱ አንድ ገጽ አልተማርንም።

ስለ ግቢሽ ጥቂት ልበል። ሐረማያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 ኢትዮጵያና አሜሪካ ባደረጉት ስምምነት ሲሆን አጋሩ የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ግቢው እስኪሠራ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጅማ ላይ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ዓለማያ ተዛወሩ። ሐሳቡ ማስተማር፣ ምርምርና ለገበሬው ማድረስ በአንድ ግቢ ይሁኑ የሚል ነበር። «ራሬ» የሚባለው የምርምር ማሳ እዚያው ግቢሽ ውስጥ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። ድሬዳዋ ያለው የቶኒ እርሻ ደግሞ ቆላ ነው። ከደጋማው ራሬ ተነስተሽ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሁለት የተለያዩ የአየር ንብረቶችን ታያለሽ፤ ይህን ዕድል ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ይሰጣሉ።

ከዚያ ግቢ የወጡ አንድ ሰው አባትሽ ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ባለችው ወለንኮሚ፣ በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር እሑድ ማታ በእግራቸው ሄደው ሳምንቱን እዚያ ቆይተው ዓርብ ይመለሱ ነበር፤ ይህን ያደረገችው ልጇ መማር አለበት ያለች እናት ናት። በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በዓለማያ ዕፅዋት ሳይንስ ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። በኋላ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከማሽላ ሥር ተጣብቆ ምግቡን በሚመጠው ጥገኛ አረም፣ በአቀንጭራ ላይ ሠሩ። የአቀንጭራ ዘር እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው፤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨውን ኬሚካል ሲያገኝ ነው። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያንን ምልክት አጥንተው፣ አቀንጭራን የማይቀሰቅሱ የማሽላ ዝርያዎችን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ሁሉም ሰው ገቢሳ ይሆናል ማለቴ አይደለም። አሁን አንቺ በምትቀመጪበት ክፍል የተቀመጠ፣ እንደ አንቺ ከጎጆ የመጣ ልጅ የተማረው ይህንኑ ትምህርት ነው ማለቴ ነው።

ሥራን በተመለከተ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። በእኛ ጊዜ ተመራቂ ከግቢ ሳይወጣ ምደባው ይደርሰው ነበር። ያ ዘመን አልፏል። በመንግሥት በኩል ያለው በር የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የቀበሌ የልማት ሠራተኝነት፣ የፌዴራልና የክልል ምርምር ማዕከላት ነው፤ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልካቹ ብዙ ነው፣ ደመወዙም አነስተኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከመቶ ሃምሳ ሳያመጡ ዲግሪውን መያዝ አይቻልም። ከመንግሥት ውጭ ዘር አባዥ ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ በባቱ፣ በሆለታና በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉ የአበባና የአትክልት እርሻዎች፣ የቢራ ገብስ ከገበሬ የሚረከቡ ድርጅቶች፣ የግብዓት አቅራቢዎች፣ የገጠር ብድር የሚሰጡ ተቋማትና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ይቀጥራሉ። እነዚህ ግን ወረቀት አይተው አይበቃቸውም። አንድ የእርሻ ሥራ አስኪያጅ ተመራቂን ማሳ ውስጥ ይዞ ገብቶ አንድ የታመመ ቅጠል ቆርጦ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለው አይቻለሁ። ተመራቂው ውጤቱ ከፍተኛ ነበር፤ ቅጠሉን ግን አላወቀውም።

ስለዚህ «ሥራ አለ ወይ?» ለሚለው መልሴ፣ ቅጠሉን ለሚያውቅ ሰው አለ የሚል ነው፤ ቶሎ ላይመጣ ይችላል፣ ከከተማ ርቆ ሊሆን ይችላል፣ ግን አለ። ቅጠሉን ለማያውቅ ሰው ይህ ዲግሪ በጣም ከባድ ነው፤ ከብዙ ዲግሪዎች ይልቅ ይከብዳል። በሌላ መስክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሸፈን ድክመት እዚህ ማሳ ላይ ይታያልና።

ታዲያ ቅጠሉን እንዴት ታውቂዋለሽ? አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ እመክርሻለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይከተላል። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ አንድ ሰብል ምረጪ። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ማሽላ፣ ድንች፣ የፈለግሽው ይሁን፤ እስክትመረቂ ድረስ አትቀይሪው። የምትማሪውን እያንዳንዱን ኮርስ ወደዚያ ሰብል አምጪው። የአፈር ትምህርት ሲሰጥሽ «ምስር በዚህ አፈር ምን ይሆናል?» በዪ። በሽታ ስትማሪ የምስርን ዋግ ፈልጊና አግኚ። አረም ስትማሪ ከምስር ጋር የሚበቅሉትን በአማርኛ ስማቸው፣ በኦሮምኛ ስማቸውና በሳይንሳዊ ስማቸው ጻፊ። ከመምህራንሽ መካከል በዚያ ሰብል ላይ ጥናት ያለውን ጠይቂና በምርምር ማሳው ላይ ያለ ክፍያ እንድትረጂው ፈቃድ ለምኚ፤ መደብ መለካት፣ መዝራት፣ ቁጥር መመዝገብ፣ ማጨድ፣ መመዘን። እምቢ የሚል መምህር ብዙ አላየሁም፤ ቅዳሜ ጠዋት ማሳ ላይ የሚመጣ ተማሪ ብርቅ ነውና። ሦስት የምርት ወቅት አንድን ሰብል ከዘር እስከ አውድማ የተከተለ ሰው የመውጫ ፈተናውን ጥያቄ ሲያነብ ዓይኑ ውስጥ ማሳ ይታየዋል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ እንድትሸሺ እለምንሻለሁ። አንደኛው የተግባር ልምምድ ሰዓት ላይ መደባቸውን ለቀን ሠራተኛ ከፍለው የሚያሳርሙ ተማሪዎች ልማድ ነው። አረሙን በእጅሽ ስትነቅዪው ነው ሥሩ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ከሰብሉ ጋር በስንተኛው ሳምንት መሻማት እንደሚጀምር የምታውቂው። ሁለተኛው ከቀድሞ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጥናት ቁጥር መገልበጥ ነው። ይህ የሚያናድደኝ ነገር ነው፤ በእንዲህ ያለ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ምክር አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይደርሳል። የወደቀ ሙከራ ካለሽ ወደቀ ብለሽ ጻፊ፤ ለምን እንደወደቀ ማስረዳት ከቻልሽ ጥሩ ጥናት ነው። ሦስተኛው በግቢ ታጥሮ መኖር ነው። በሐረማያ ዙሪያ ያለው ገበሬ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ማሽላውን ከበቆሎና ከቦሎቄ ጋር አሰባጥሮ ይዘራል፣ ጫትና ድንች ያለማል። በሦስት ዓመት ቆይታሽ ቋንቋውን ልመጂ። ለሥራም በር ይከፍትልሻል፤ ይልቁንም እኔ ያልሰማሁትን «ይተኛበታል» የሚለውን ቃል በሁለተኛ ቋንቋ መስማት ትችያለሽ።

ስለ አካባቢው አንድ ነገር እዚህ ልጨምር። የሐረማያ ሐይቅን ሄደሽ እዪው። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረ ሐይቅ ነው፤ ለመስኖ በየአቅጣጫው እየተሳበ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበው ደለል እየሞላው፣ ደርቆ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። ስለ ምርት ስትማሪ ስለ ኩንታል ብቻ ከሚያወራ ሰው ጋር ስትገናኚ ያንን ሐይቅ አስቢ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ፦ ልቀጥል ወይስ ልተው? ሌላ ሙያ፣ ለምሳሌ ሐኪም መሆን፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ የምታስቢው፣ ስትነቂም ስትተኚም የማይለቅሽ ነገር ከሆነ አልከለክልሽም፤ ሰው በማይወደው ሙያ ውስጥ ዕድሜውን መግፋት የለበትም። ነገር ግን በጽሑፍሽ ውስጥ የመጀመሪያ ምርጫሽ ምን እንደነበር እንኳ አልነገርሽኝም። የነገርሽኝ አባትሽ ያሉትን ነው። ስለዚህ የሚያስጨንቅሽ ትምህርቱ ሳይሆን የአባትሽ ፊት ይመስለኛል። ለዚህ ደግሞ ያለፈውን ዓመት ጥሎ እንደገና መፈተን መፍትሔ አይሆንም። የሁለተኛውን ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር በሙሉ ልብ ተማሪ፤ አፈሩንና የዕፅዋቱን አሠራር ካየሽ በኋላ ልብሽ ካልተነካ ያን ጊዜ እንነጋገራለን። የክፍል ዝውውር ብትጠይቂም በጥሩ ውጤት የሚጠይቅ ሰው ነው የሚሰማው።

ለተግባር ልምምድ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልን ጠይቂ። ለቤትሽ ቅርብ ነው፤ የምትማሪውን በአባትሽ ፊት ልትሠሪው ትችያለሽ።

ወደ ግቢ ከመመለስሽ በፊት አንድ ሥራ አለሽ። አዲስ ደብተር ግዢ። አንድ ማለዳ ከአባትሽ ጋር ማሳዎቹን ዙሪ፤ እያንዳንዱን በስሙ እንዲነግሩሽ ጠይቂያቸው፣ ገበሬ ለማሳው ስም አለውና። የትኛው ማሳ ቶሎ እንደሚጠነፍፍ፣ የትኛው ውኃ እንደሚተኛበት፣ አምና ምን እንደተዘራበት፣ ካቻምና ምን እንደተዘራበት፣ የትኛውን ዘር ለምን እንደተዉት ጠይቂ። ስለ ምደባው አትከራከሪያቸው፤ የሚሉትን ብቻ ጻፊ፣ በራሳቸው ቃል፣ ሳታርሚው። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ቀኑን፣ የማሳውን ስምና የአባትሽን ስም አስፍሪ።